ሸክላና ዋዛ

ሸክላ የሚለው ቃል በአማርኛችን ብዙ ይሸከማል። ጀበናው ሸክላ ነው፤ ምጣዱ ሸክላ ነው፤ የግንቡ ጡብም ሸክላ ነው። ያ ጥቁር፣ ክብ፣ መርፌ ሲነካው የሚዘፍነው ሳህን ሲመጣም ሕዝቡ ሩቅ አልሄደም፤ እሱንም ሸክላ አለው። የጥንቶቹ የዘፈን ሳህኖች ሸላክ ከሚባል የነፍሳት ሙጫ ይሠሩ ስለ ነበር ስሙ ከዚያም ጋር ይገጥማል። ከየትም ይምጣ ከየት፣ ለዕቃው ተስማምቶታል። ከእጅ ካመለጠ ይሰበራል፤ ፀሐይ ላይ ከተረሳ ይጣመማል፤ በአግባቡ ከተያዘ ደግሞ ከሠሪውም ከዘፋኙም ዕድሜ በላይ ይኖራል።

ሸክላ ካለ ቁፋሮ አለ። የጥንት ታሪክ መርማሪ መሬት ቆፍሮ የሸክላ ስባሪ ያወጣና ከስባሪው የሰውን ኑሮ ያነባል። የዘፈን ሸክላ ለቃሚም ቆፋሪ ነው፤ የሚቆፍረው የአሮጌ ዕቃ ክምር፣ የተዘጋ ሱቅ መጋዘን፣ የአያት ሣጥን ነው። በአውሮፓ፣ በአሜሪካ፣ በጃፓን ይህ ሥራ ከመዝናኛነት አልፎ ንግድም ጥናትም ሆኗል። ከሚፈለጉትም መካከል የአገራችን ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላዎች ከፊተኛው ተርታ የሚሰለፉ ናቸው። ደህና የተያዘች አንዲት የአዲስ አበባ ሸክላ በውጭ ገበያ በመቶ በሚቆጠር ዶላር ስትሸጥ ማየት ዛሬ አያስገርምም።

እኛ ደግሞ የምንማረው አሶሳ ነው። አሶሳና አካባቢዋ የቁፋሮን ነገር ከማንም በፊት ያውቁታል። የቤኒሻንጉል ወርቅ ነው የመሐመድ ዓሊን የግብፅ ጦር በ1821 እስከ ፋዙግሊ የጎተተው፤ የቤኒሻንጉል ወርቅ ነው በኋላም የምኒልክን ዓይን የሳበው። ዛሬም በየወንዙ ዳር አፈር ቆፍሮ፣ በገበታ አጥቦ፣ ቅንጣት ወርቅ የሚያወጣ ሰው አለ። ታዲያ አንድ የሸክላ ለቃሚ ቦርሳውን አንግቦ አሶሳ ቢመጣ ምን ያገኛል? የዚህን አገር ሰው ድምፅ በሸክላ ላይ ያገኘዋል ወይ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን የኢትዮጵያን የሸክላ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስኬደናል። እንግዲህ እንሂድ። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ብቻ አንባቢ ልብ ይበልልን።

የተቀዳ ድምፅ በአገራችን ታሪኩ የሚጀምረው ከቤተ መንግሥት ነው። በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ ቃሏን በሰም ሲሊንደር ላይ አስቀርጻ ላከች። መልእክቱ ከተሰማ በኋላ ሲሊንደሩ እንዲጠፋ ታዝዞ ስለ ነበር ጠፋ። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም በ1899 መልሳቸውን በዚያው ዓይነት መሣሪያ ተናግረው ወደ ለንደን ላኩ፤ ያ ድምፅ እስከ ዛሬ አለ። ልብ በሉ፦ የላኪዋ ድምፅ ጠፍቶ የመላሾቹ ድምፅ ቀረ። የቀረው ግን እኛ ጋ አይደለም፤ የተላከበት አገር ነው የቀረው።

በእነዚያው ዓመታት፣ በ1897 እና በ1898፣ የራስ መኮንን ጦር ወደ ቤኒሻንጉል ወርዶ አገሩን ወደ ምኒልክ መንግሥት አስገባ። የአሶሳው ሼኽ ሆጀሌ አል ሐሰንም ከዚያ በኋላ በ1938 እስኪሞቱ ድረስ በዚህ አገር ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስም የያዙ ሰው ሆኑ፤ በአዲስ አበባ የሚገኘው ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ፎኖግራፉና ዘመቻው ምን ያገናኛቸዋል ትሉ ይሆናል። አንዱ ሌላውን አላመጣውም። ዘመኑ አንድ መሆኑ ግን አንድ ነገር ያሳየናል፦ ወርቁና ሰዉ ከዳር ወደ መሐል ሲጓዝ፣ የድምፅ መቅረጫ መሣሪያ ደግሞ ከውጭ መጥቶ እዚያው መሐል ላይ ተቀመጠ። መሣሪያው ያለበት ቦታ የማን ድምፅ እንደሚቀረጽ ወሰነ።

ቀጥሎ የሚመጣው ስም ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነው። በምኒልክ ጊዜ የመኪና ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተልከው ሳለ ከ1908 ጀምሮ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ኢትዮጵያዊ ዘፋኝ በንግድ ሸክላ ላይ ሲቀረጽ የመጀመሪያው ይህ ነው። ያን ጊዜ ሸክላው በደቂቃ 78 ዙር የሚሽከረከር፣ በአንድ ፊቱ 3 ደቂቃ ገደማ ብቻ የሚይዝ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ እነዚያ ሥራዎች ኢትዮፒክስ በሚባለው የፈረንሳይ ተከታታይ ስብስብ 27ኛ ቁጥር ሆነው እንደገና ታተሙ። እንዲህ ሊሆን የቻለው በመካከሉ በነበረው መቶ ዓመት ሸክላዎቹን ሳይጥል ያስቀመጠ ሰው ስለ ነበረ ነው። የለቃሚ ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ሰው አልጥልም ስላለ ብቻ ታሪክ ይተርፋል።

ከዚያ በኋላ የዘፈን ነገር የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1935 ተመሠረተ። በ1948 ደግሞ ሸክላ ከውጭ የማስመጣቱም ሆነ የማሳተሙ መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለዚሁ ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ነበሩ። ዘፋኙ የደንብ ልብስ የሚለብስ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነበር ማለት ነው። የፈለገውን ቢዘፍንም፣ ዘፈኑን ሸክላ ላይ አውጥቶ መሸጥ የእሱ ፈንታ አልነበረም። ሬዲዮው ያሰማዋል፤ ሰዉ ይሰማዋል፤ በማግስቱ በእጅ የሚያዝ ነገር የለም።

ይህን አጥር የዘለለው አምሃ እሸቴ ነው። አምሃ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ሙዚቃ ወዳድ ነጋዴ ሳለ በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቋመና ትእዛዙ እንዳለ የዓለማየሁ እሸቴን «ትማርኪያለሽ» በሸክላ አሳተመ። ማተሚያ በአገር ውስጥ ስላልነበረ ሥራው መጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ በኋላም ወደ ሊባኖስ ይላክ ነበር። እከሰሳለሁ፣ እታሰራለሁ የሚል ሥጋት አልነበረበትም አይባልም፤ ሸክላው ግን ወጣ፣ ተሸጠ፣ በየቡና ቤቱ ተሰማ። አምሃ እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችንና 12 ረጃጅም ሸክላዎችን አወጣ። ማሕሙድ አሕመድና ግርማ በየነ በዚህ ማኅተም ከሠሩት መካከል ናቸው። ፊሊፕስም ገበያውን አይቶ ገባ። አሊ ታንጎ በሚባል ስም የሚታወቀው አሊ አብደላ ካይፋ ደግሞ ካይፋ ሪከርድስን ከፍቶ በ1975 የማሕሙድን «ኧረ መላ መላ»፣ በ1977 የዋልያስ ባንድን «ቸ በለው» አሳተመ። አምሃና ዓለማየሁ ሁለቱም በ2021 ዐርፈዋል፤ ሸክላዎቻቸው ግን አሁንም በየአገሩ ይሽከረከራሉ።

ከ1969 እስከ 1978 ባለው ጊዜ በጠቅላላው ወደ 500 የሚጠጉ ትንንሽ ሸክላዎችና 30 ያህል ረጃጅም ሸክላዎች እንደ ወጡ ይነገራል። በቃ ይኸው ነው! ዓለም ሁሉ የሚያሳድደው የኢትዮጵያ ሸክላ ዘመን ዐሥር ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላም። በ1974 አብዮቱ መጣ፤ የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሕይወት ዘጋው፤ አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ። ሸክላን የገደለው ግን ፖለቲካ ብቻ አይደለም። ካሴት መጣ። ካሴት ርካሽ ነው፤ እዚሁ አገር ቤት ይገለበጣል፤ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ በአህያ ጭነትም በአውቶቡስም ሳይሰበር አውራጃ ድረስ ይደርሳል። ሸክላ የከተማ ልጅ ነበር፤ ካሴት አገር ላገር ዞረ።

ታዲያ እነዚያ ሸክላዎች የት ገቡ? አንዱ ባለቤቱ ሲሰደድ ተከትሎት ሄደ። አንዱ ለዘመድ ተሰጠ። አንዱ መርፌው ሲጠፋ ቆጥ ላይ ተወረወረ። ስንቱስ ከአሮጌ ጫማና ከጠርሙስ ጋር «ቆራሌው!» እያለ በሚዞረው ሰው ጆንያ ገብቶ ይሆን? ያኔ የተጣለው ዕቃ ዋጋ እንዳለው መጀመሪያ የነገረን የውጭ ሰው ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ በ1984 የማሕሙድን ሸክላ ሰምቶ ልቡ ተሰለበና አዲስ አበባ ድረስ መጣ። በ1986 «ኧረ መላ መላ» በቤልጂግ አገር ታተመ። ከ1997 አንሥቶ ደግሞ ኢትዮፒክስ የሚባለው ስብስብ መውጣት ጀመረ። የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች 4ኛው ቁጥር ሆነው በ1998 ወጡ፤ በ2005 ሥራዎቹ በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሲሰሙ ስሙን ያልሰማ አልቀረም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1967 በጀርመን አገር ያሳተሙት የፒያኖ ሸክላም በ2006 በዚሁ ስብስብ 21ኛ ቁጥር እንደገና ወጣ፤ እሳቸው በ2023 በኢየሩሳሌም ሲያርፉ የዓለም ጋዜጦች ስለ እሳቸው ጻፉ።

ካሴትም ተራው ደረሰው። የኃይሉ መርጊያን የ1985 ካሴት አንድ አሜሪካዊ ለቃሚ ባሕር ዳር ከሚገኝ የካሴት ክምር ውስጥ አገኘው፤ በ2013 እንደገና ታተመ። ያን ጊዜ ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ይኖር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን በትልልቅ መድረኮች ላይ እንደገና ተጫውቷል። እንግዲህ ባሕር ዳር ላይ ያ ክምር በስንት የአገር ሰው አጠገብ ያለፈ ነው! ማንም ጎንበስ ብሎ አላየውም።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ክርክር በመካከላችን ይነሣል። አንዱ ወገን «ፈረንጅ ቅርሳችንን ወሰደው» ይላል። ሌላው ወገን «ፈረንጅ ባይመጣ ኖሮ በስብሶ ይቀር ነበር» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን ሙሉውን አይነግሩንም። ወደ አሶሳ ወርቅ ተመልሰን ብናየው ነገሩ ይገለጥልናል። ወርቅ አጣቢዋ ሴት ከጠዋት ጀምራ ወገቧን አጉብጣ የምታገኘው ቅንጣት ነው። ገዢው በሚዛን ይገዛታል። ያ ወርቅ አዲስ አበባ ሲደርስ ዋጋው ሌላ ነው፤ ዱባይ ሲደርስ ደግሞ ሌላ። ጌጥ ሆኖ ሲጠለቅ ያጠበችው እጅ አይታሰብም። በሸክላም እንደዚያው ነው፤ በመጀመሪያ ጥቂት ብር የከፈለው፣ ቀጥሎ በመቶ ዶላር የሸጠው፣ በመጨረሻም መደርደሪያው ላይ ያኖረው ሁሉም ድርሻ አላቸው። የዘፋኙና የተጫዋቹ ድርሻ ግን ሁልጊዜ ተለይቶ አልተመዘነም። አገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶችን አዋጅ ያወጣችው በ2004 ነው፤ አዋጅ ቁጥር 410። ያን ጊዜ የሸክላው ዘመን ካለፈ ሩብ ምዕተ ዓመት ሆኖት ነበር።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ፣ ግን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የምትርቀው። ስለዚህ የዚህ አገር ጆሮ ሁለት አቅጣጫ ነበረው። ከምሥራቅ የአዲስ አበባ ሬዲዮ ይመጣል፤ ከምዕራብ ደግሞ ከ1940 ጀምሮ ያለው የኦምዱርማን ሬዲዮ። በርታው ከራሱ ቋንቋ ሌላ ዓረብኛም ስለሚናገር የሱዳን ዘፈን ለእሱ የባዕድ አይደለም። ለነገሩ የሱዳን ዘፈን ለማናችንም ባዕድ ሆኖ አያውቅም፤ በአምስት ድምፅ ቅኝት ስለሚዘፈን የደገኛው ጆሮም ቶሎ ይለምደዋል። መሐመድ ዋርዲን የማያንጎራጉር የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው።

ሱዳኖች ስለ ሸክላ አንድ ደስ የሚል ታሪክ አላቸው። ዘፋኞቻቸው በ1920ዎቹ ወደ ካይሮ እየወረዱ ሸክላ ያስቀርጹ ነበር። በ1950ዎቹ የኦምዱርማን ሬዲዮ እነዚያን አሮጌ ሸክላዎች የሚያሰማ ዝግጅት ጀመረ፤ የዝግጅቱም ስም «የጥበብ ቦርሳ» የሚል ትርጉም ነበረው። ሕዝቡ ዝግጅቱን ስለ ወደደው የዘፈኑን ዓይነት ራሱን «ሐቂባ»፣ ማለት ቦርሳ፣ ብሎ ጠራው። የሸክላ ቦርሳ ለአንድ ሙሉ የዘፈን ዘመን ስም ሆነ! ይህን የሠራው የአገሩ ሬዲዮ ጣቢያ ነው። የገዛ ሸክላውን ከገዛ መደርደሪያው አውርዶ ለገዛ ሕዝቡ አሰማ፤ አሮጌው ከመሸጡ በፊት ተሰማ። ከእኛ ታሪክ ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ ይታያል።

አሶሳ ሌላም ጆሮ ተጨምሮላታል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ በተለይም ከ1984ቱ ረኀብ በኋላ፣ በሠፈራ ከወሎና ከሌላም ቦታ ብዙ ሺህ ሕዝብ ወደ አሶሳ ዙሪያና ወደ ፓዌ መጣ። ባቲና አምባሰል በወሎ የቦታ ስሞች ናቸው፤ የቅኝት ስሞችም ናቸው። የወሎ ሰው አገሩን ለቆ ሲመጣ ማሳውን ይዞ ሊመጣ አይችልም፤ ቅኝቱን ግን ይዞት መጣ። ስለዚህ ዛሬ አሶሳ ገበያ ላይ የሚቆፍር ሰው የአዲስ አበባ፣ የወሎና የኦምዱርማን ድምፅ ባንድነት ቢያገኝ አይደንቀውም።

የዚህ አገር የራሱ የአፈሩ ድምፅስ? የበርታ ሕዝብ ዋዛ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ አለው። ዋዛ ከቅል ተቆራርጦ፣ እርስ በርሱ ተገጣጥሞ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። አጭሩ በክንድ የሚለካ ነው፤ ረጅሙ ግን ከሰው ቁመት ጋር ይፎካከራል። እያንዳንዱ መለከት የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የሚገኘው ዐሥርም ከዚያም በላይ የሆኑ ሰዎች ተሰልፈው እያንዳንዱ ድምፁን በተራው፣ በቦታው ሲያስገባ ነው። አንዱ ከቀረ ዜማው ቀዳዳ ያወጣል። ለብቻው የሚጫወት የዋዛ ጌታ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። በአማርኛችን ዋዛ ማለት ቀልድ ነው፤ የበርታው ዋዛ ግን ፍጹም ቁም ነገር ነው።

አሁን ያችን ባለ 45 ዙር ሸክላ አምጥተን ከዋዛ አጠገብ እናስቀምጣት። ሸክላዋ በአንድ ፊቷ የምትይዘው 3 ወይም 4 ደቂቃ ነው፤ ዋዛ ሲነፋ ደግሞ ጭፈራው ገና እስኪሟሟቅ ድረስ ያ ጊዜ ያልቃል። ሸክላዋ መሐሏ ላይ ክብ ወረቀት አላት፤ እዚያ ላይ የሚጻፈው የአንድ ዘፋኝ ስም ነው፤ ዋዛ የአንድ ሰው ስም የለውም። ሸክላዋ የምትሸጠው የማጫወቻ መሣሪያ ላለው የከተማ ሰው ነው፤ ዋዛን የሚወደው ሰው ዋዛን ሲፈልግ ወደ ዋዛው ይሄዳል እንጂ ሱቅ አይሄድም። ነጋዴው ላይ መፍረድ አይቻልም፤ ነጋዴ የሚያትመው የሚሸጠውን ነው። ነገር ግን አንድ እውነት ልብ ማለት አለብን። ያ ወርቃማ የሚባለው ዐሥር ዓመት የአገሪቱን ድምፅ ሁሉ የያዘ መስሎን ከሆነ ተሳስተናል፤ የያዘው ለሸክላዋ ቅርጽ የተስማማውን ነው። ከሳክስፎን ጋር የሚዘፍን፣ ባለ ስም፣ በ4 ደቂቃ የሚያልቅ ድምፅ ገባ። ብዙ ሆኖ አንድ የሚሆን ድምፅ ደጅ ቀረ።

የአጥኚዎችንም ሸክላ እንመልከት። የለንደኗ ዣን ጄንኪንስ በ1960ዎቹ አገራችንን ዞራ የቀረጸቻቸው ሦስት ረጃጅም ሸክላዎች ታትመዋል። አንዱ የማዕከላዊ ደጋዎች ሙዚቃ ይባላል፤ ሁለተኛው የበረሃ ዘላኖች ሙዚቃ፤ ሦስተኛው የኤርትራ ሙዚቃ። ደጋው አለ፣ ምሥራቁ አለ፣ ሰሜኑ አለ። የምዕራቡ ቆላ በስም አልተጠራም። የበርታና የጉሙዝ ሙዚቃ በስማቸው ሸክላ ላይ የወጣው በሌላ በር፣ በሱዳን በኩል ነው። ሁለቱም ሕዝቦች በድንበሩ ግራና ቀኝ ይኖራሉና፣ ሮበርት ጎትሊብ የሚባል አጥኚ በሱዳን የብሉ ናይል ክፍለ ሀገር የቀረጸው ሙዚቃ በጀርመኑ ቤረንራይተር ሙዚካፎን ማኅተም በ1980ዎቹ በሁለት ረጃጅም ሸክላዎች ወጣ። አንዱ የጉሙዝ ነው፤ ሌላው የኢንገሳናና የበርታ።

እንግዲህ የለቃሚያችን መልስ ተገኘ ማለት ነው። የዚህን አካባቢ ሕዝብ ድምፅ በሸክላ የሚፈልግ ሰው ከአሶሳ ገበያ ይልቅ የጀርመን አሮጌ ሱቅ ይቀርበዋል፤ ሲያገኘውም መታወቂያው ሱዳን ይላል። አንድ ሌላም ነገር ያያል። በአዲስ አበባዋ ሸክላ ላይ የዘፋኙ ስም በትልቁ ተጽፏል፤ ከኋላው የነፋው፣ የመታው፣ የደረደረው ብዙ ጊዜ ስሙ የለም። በጀርመኑ ሸክላ ርእስ ላይ ደግሞ የተጻፈው የነገድ ስም ነው። አንዱ ሸክላ አንድን ሰው አንሥቶ ሌሎቹን ረሳ፤ ሌላው ሁሉንም በአንድ የነገድ ስም ጠቀለለ። ቅሉን የሰበሰበው፣ የገጣጠመው፣ ከንፈሩ እስኪያብጥ የነፋው ሰው በሁለቱም መንገድ አይታወቅም። እኛ የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገር የምንለው ይህንን ነው፦ ብርቅነት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጥቂት ታትሞ የጠፋው ነው፤ ገበያ ያውቀዋል፣ ዋጋም ይሰጠዋል። ሌላው መታተም ያልደረሰው ነው፤ ለእሱ ገበያም የለው፣ ለቃሚም የለው። የምንቆጨው በመጀመሪያው ነው፤ የሚያስፈራው ግን ሁለተኛው ነው።

የሚያስፈራው ለምንድን ነው? ጊዜ ስለማይጠብቅ ነው። ካሴት በሙቀትና በእርጥበት ይበላሻል፤ የአሶሳ ክረምት ደግሞ ረጅም ነው። ከ2019 ጀምሮ በመተከል በደረሰው ግጭት እጅግ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ ነፍሱን ለማዳን የሚሮጥ ሰው ልጁን ያዝላል እንጂ ካሴት አይሸክምም። በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ የኦምዱርማን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕንጻ በተዋጊዎች እጅ ወደቀ፤ የአገሪቱ ጦር መልሶ የያዘው በመጋቢት 2024 ነው። ያ የሸክላ ቦርሳ፣ ያ የስንት ዘመን የቴፕ መዝገብ፣ የጦር ሜዳ ሆኖ ከረመ። በኩርሙክ በኩል ወደ እኛ የተሻገሩት ስደተኞች ከዚያው የዋዛ አገር የመጡትን ይጨምራሉ። ዛሬ አሶሳ አጠገብ በመጠለያ ውስጥ የተቀመጠ ሽማግሌ የዋዛውን ተራ በልቡ ይዞት ይሆናል፤ ተራውን የሚሞሉለት ሌሎቹ ዐሥሩ ግን የት እንደ ተበተኑ ማን ያውቃል?

ታዲያ እኛ ተማሪዎች ምን እናድርግ? ገንዘብ የለንም፤ የ500 ዶላር ሸክላ መግዛት አንችልም። እግርና ጆሮ ግን አለን፤ በየኪሳችንም ድምፅ የሚቀዳ ስልክ አለ፤ የምኒልክ ቤተ መንግሥት እንኳ ያልነበረው መሣሪያ ነው። እንግዲህ በዕረፍት ጊዜ ወደየቤታችን ስንሄድ ሣጥኑን እንክፈት። ሸክላም ካሴትም ከተገኘ፣ ከመሸጡም ከመጣሉም በፊት በደብተር እንመዝግበው፦ ማኅተሙ ምን ይላል? ቁጥሩ ስንት ነው? ከየትኛው ሱቅ፣ በስንት ዓመት፣ በማን ተገዛ? በመጨረሻው ክብ ዳር ላይ በመርፌ የተጫረ ቁጥር ካለም ይጻፍ፤ የተቀረጸበትን ወይም የታተመበትን የሚጠቁመው እሱ ሊሆን ይችላል። ሸክላውን በቁሙ አቁሙት፤ አንዱን ባንዱ ላይ አትከምሩት፤ ከቆርቆሮው ሥር ከፀሐይ አርቁት።

ዋዛ ሲነፋ የምትቀዱ ደግሞ ከድምፁ በፊት ስም ጻፉ። የነፋውን ሁሉ፣ ከረጅሙ መለከት እስከ አጭሩ፣ አንድ በአንድ በስሙ ጻፉ። ቅሉን የሠራው ማን ነው? ቦታው የት ነው? ቀኑ መቼ ነው? ለምን ተነፋ፣ ለአዝመራ ነው ወይስ ለእንግዳ? መቅዳት ይፈቀድ እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፤ አይሆንም ካሉም አይሆንም ነው። ቀድታችሁ ስትጨርሱ አንድ ቅጂ እዚያው መንደር ተዉ። ይህን ካላደረግን እኛም ከወርቅ ገዢው የምንለየው ሚዛን ባለመያዛችን ብቻ ይሆናል።

አዲስ አበባ በ1963 የተቋቋመ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አላት፤ ብራናውም መጽሐፉም እዚያ ይጠበቃል። ለእኛ ክልል ድምፅ ግን ቅርቡ ቦታ እዚሁ ነው። ከቤተ መጻሕፍታችን አንድ ቁም ሣጥን፣ አንድ ደብተር፣ ሁለት ፈቃደኛ ተማሪ ቢገኝ ሥራው ይጀመራል። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሽናሻው፣ ማኦው፣ ኮሞው፣ ከወሎም ከሌላም መጥቶ እዚህ የከበደው ሁሉ ድምፁን በስሙ ያስመዝግብ። ያ ደብተር ሲሞላ ወደፊት የሚመጣው ለቃሚ፣ ፈረንጅም ይሁን የአገር ልጅ፣ መጀመሪያ ደብተሩን ጠይቆ፣ ከደብተሩም የባለቤቶቹን ስም አንብቦ ወደ ቁፋሮው ይሄዳል። ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ለዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስጡ፤ ቁም ሣጥኑን እኛ እንለምናለን።